ማስረጃው ፊቱ ተቀምጦ ሰው ለምን አይቀበልም?

አንድ ሰው የተሳሳተ ነገር ያምናል። ትክክለኛውን ትነግሩታላችሁ። አይቀበልም። ማስረጃ ታመጣላችሁ። ይባስ ብሎ ይከራከራል። በመጨረሻ "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" ብላችሁ ትተዉታላችሁ። እሱም ስለ እናንተ ያንኑ እያለ ይሄዳል።

"አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም" ይባላል። እንዲህ ዓይነት ሰው የለም አልልም። አለ፣ በኋላም እንመጣበታለን። ነገር ግን ተረቱ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። አብዛኛው ሰው አውቆ አልተኛም። በደንብ ነቅቶ ነው የሚከራከረው። በራሱ ዓይን ደግሞ ነገሩ የገባው እሱ ነው፤ ግትሮቹ እኛ ነን።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከመነሻው ነው። የማያውቅ ሰው ባዶ ገንቦ ይመስለናል። እውቀት ብንቀዳበት የሚሞላ። ግን ስለ አንድ ጉዳይ ምንም ግምት የሌለው ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። በሽታ ከየት እንደሚመጣ፣ ኑሮ ለምን እንደሚወደድ፣ ልጅ በምን እንደሚበላሽ ጠይቁ፤ ሁሉም መልስ አለው። መልሱ ስህተት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሥራ ላይ ያለ መልስ ነው። ሰውየው በሱ ይወስናል፣ በሱ ይጽናናል፣ በሱ ከወዳጆቹ ጋር ይግባባል። አዲሱን መረጃ መቀበል ማለት አሮጌውን ከነአገልግሎቱ መጣል ማለት ነው። ስለዚህ "ይህ ሰው ምን ጎደለው?" ብሎ ከመጠየቅ "ይህን ቢቀበል ምን ያጣል?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪየናን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም።

የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በ1840ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። አንደኛውን ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ይሠሩበታል። ሁለተኛው የአዋላጆች ነው። ከ1841 እስከ 1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከወለዱ 100 እናቶች ውስጥ ወደ 10 የሚጠጉት ሞተዋል። በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት 4 ያህል ናቸው። ገዳዩ የወሊድ ትኩሳት ይባል ነበር። ልዩነቱን የከተማዋ ሴቶች አሳምረው ያውቁታል። ሐኪሞቹ ክፍል እንዳይመደቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ከዚያ ከመግባት መንገድ ላይ መውለድን የመረጡም ነበሩ። አስተውሉ፤ ያልተማሩት ሴቶች ያዩትን ነገር የተማሩት ሐኪሞች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ኢግናዝ ሴመልቫይስ የሚባል ወጣት ሐንጋሪያዊ ሐኪም ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። ሁለቱን ክፍሎች እያነጻጸረ ምክንያት ፈለገ። መጨናነቅ ይሆን? የሚጨናነቀው የአዋላጆቹ ክፍል ነበር። አየሩ ይሆን? የሁለቱም አየር አንድ ነው። በ1847 ያኮብ ኮሌችካ የተባለ ባልደረባው አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በቢላ ተወጋና ታሞ ሞተ። ሰውነቱ ላይ የታየው ምልክት ከእናቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነገሩ ለሴመልቫይስ ፍንትው አለለት። ሐኪሞቹ ጠዋት አስከሬን ከፍተው ያጠናሉ። ከዚያ በዚያው እጃቸው ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ይመረምራሉ። አዋላጆቹ ደግሞ አስከሬን አይነኩም።

በሜይ ወር ማንኛውም ሐኪም ወደ ማዋለጃው ከመግባቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠብ አዘዘ። በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህል ሞተው ነበር። በጁን ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። በ1848 አንዲትም እናት ያልሞተችባቸው ሁለት ወራት ተመዘገቡ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ግን አብዛኞቹ አልተቀበሉትም።

አንደኛው ምክንያት ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚያ ዘመን በሽታ የሚመጣው ከተበከለ አየርና ከሰውነት ሚዛን መዛባት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ የሚያሳየው የሉዊ ፓስተር ሥራ ገና አልመጣም። ሴመልቫይስ እጅ ላይ የሚቀረው ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚገድል በቅጡ ማስረዳት አልቻለም። ቁጥሩ አለ፣ ቁጥሩን የሚሸከም ታሪክ የለም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። እጅ መታጠብ ያድናል ብሎ መቀበል፣ እስከ ዛሬ የሞቱትን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብሎ መቀበል ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ለማዳን የሠራን ሐኪም ይህን ተቀበል ማለት ቀላል አይደለም። አንድ የተቀበለ ሐኪም ነበር፤ በጀርመን ኪል የሚሠራው ጉስታቭ ሚካኤሊስ። እሱም እጅ መታጠብን በክፍሉ ጀመረ፣ ለውጡንም አየ። ነገር ግን ቀደም ብሎ ራሱ ያዋለዳት የቅርብ ዘመዱ በዚያው ትኩሳት ሞታበት ነበር። በጸጸት ሲሰቃይ ቆይቶ በ1848 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የእውነቱ ዋጋ እስከዚህ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ራሱ ሴመልቫይስ ነው። ግኝቱን በሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው በ1861 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያም ተቃዋሚዎቹን በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ወረደባቸው። በነገሩ እውነት ነበረው። ግን እንዲህ ተብሎ የተሰደበ ሰው "አዎ፣ ልክ ነህ" ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ቁስሉ መርዞበት ሞተ። 47 ዓመቱ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጀግናና የደንቆሮዎች ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሐኪሞቹ ደደብ አልነበሩም። የሚከፍሉት በዝቶባቸው ነው።

ስለ ንድፈ ሐሳቡ ያነሳሁት ነገር በኋላ በቤተ ሙከራም ታይቷል። በ1994 ሆሊን ጆንሰንና ኮሊን ሴፈርት የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ስለ አንድ የመጋዘን ቃጠሎ የሚናገር ታሪክ አስነበቡ። መጀመሪያ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር ነበር ይላል። ቆይቶ "ያ ስህተት ነው፤ ክፍሉ ባዶ ነበር" የሚል እርማት ይመጣል። አንባቢዎቹ እርማቱን ያስታውሱታል። ይሁንና "ጭሱ ለምን በዛ?" ሲባሉ ብዙዎቹ ወደ ቀለሙ ተመለሱ። የተነገራቸውን ረስተው አይደለም። ቀለሙ ሲወጣ ቃጠሎው ምክንያት አልባ ሆነባቸው። ሰው ምክንያት አልባ ታሪክ ከሚይዝ የተሳሳተ ምክንያት ይዞ ቢሄድ ይመርጣል። ሌላ ምክንያት ሲሰጣቸው፣ ለምሳሌ ሆን ተብሎ እሳት የተለቀቀበት ምልክት ተገኝቷል ሲባል፣ ቀለሙን በቀላሉ ተዉት። "ይህ ውሸት ነው" ብሎ ማቆም ብዙ የማይሠራው ለዚህ ነው። ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው? እሱን አብሮ መስጠት ያስፈልጋል።

ምንም የሚያሳፍር ነገር በሌለበት፣ ክብርም ወገንም በማይነካበት ጉዳይ ላይ እንኳ አእምሯችን ወደ ያዘው ያደላል። በ1960 ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጠ። "እነዚህ አንድ ሕግ ይከተላሉ። የራሳችሁን ሦስት ሦስት ቁጥር እየሰጣችሁኝ ሕጉን ድረሱበት" አላቸው። ብዙዎቹ ወዲያው "በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው" ብለው ገመቱ። 8፣ 10፣ 12 አሉ። ሕጉን ይከተላል። 20፣ 22፣ 24 አሉ። ይከተላል። ደስ ብሏቸው መልሳቸውን ሰጡ። ተሳሳቱ። ሕጉ "እየጨመረ የሚሄድ ማንኛውም ቁጥር" የሚል ብቻ ነበር። 1፣ 2፣ 17 ብለው ቢሞክሩ ገና ድሮ ይገባቸው ነበር። እነሱ የሞከሩት ግን ግምታቸውን የሚያጸና ቁጥር ብቻ ነው። የሚያፈርሰውን ለመሞከር አልመጣላቸውም።

ጉዳዩ ስሜት የሚነካ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ1979 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሎርድና ባልደረቦቹ 48 ተማሪዎችን ሰበሰቡ። ግማሾቹ የሞት ቅጣትን ይደግፋሉ፣ ግማሾቹ ይቃወማሉ። ለሁሉም ሁለት ጥናት ተሰጣቸው። አንዱ የሞት ቅጣት ወንጀል ይቀንሳል ይላል፣ ሌላው አይቀንስም። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ወረቀት ነው ያነበበው። ሁሉም የሚስማማውን ጥናት "በደንብ የተሠራ ነው" አለ። በማይስማማው ላይ ግን እንከን ነቅሶ አወጣ። አንብበው ሲጨርሱ ቀደም ካሉበት ይበልጥ በአቋማቸው እንደጸኑ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። እንከን መንቀስ ችሎታ ነው። የተማረ ሰው ይበልጥ ይችልበታል። የማይፈልገውን ማስረጃ የሚጥልበት ሰበብ አያጣም። ስለዚህ "ትምህርት ቢኖር ኖሮ" የሚለው መፍትሔ ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን።

ደግሞስ ሰው ብቻውን መቼ ያምናል? የዬል ዩኒቨርሲቲው ምሁር ዳን ካሃን ይህን በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል። ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የተሳሳተ እምነት ቢኖረኝ፣ በእኔ የተነሳ ሙቀቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የማጣው ነገር የለም። ነገር ግን በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ በአንድ ወገን ቆመው እኔ ብቻ በሌላ ብቆም ነገ ጓደኛ አጣለሁ። ዘመድ ይኮርፈኛል። ሥራ ቦታ ጆሮ የሚሰጠኝ ይጠፋል። ሰው ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ አይሠራውም። ግን ሒሳቡ ይሠራል። ለአንድ ሰው የሚያዋጣው መንገድ ለሁሉም ተደምሮ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ይህን ከተረዳን አንድን እምነት የወገን መለያ ማድረግ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይገባናል። ክትባት የሕክምና ጉዳይ ሆኖ ሳለ የሰው ማንነት መግለጫ ከሆነ በኋላ፣ ስለ ክትባት መከራከር ስለ ሰውየው ወዳጆች መከራከር ይሆናል።

መደጋገምም የራሱ ጉልበት አለው። በ1977 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ ውሸትም ቢሆን፣ አንዴ ከሰሙት ይበልጥ እውነት ነው ብለው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሞክሮ ያው ሆኗል። ጆሮ የለመደውን አእምሮ ያምነዋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በራሱ የሚሆን ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ አለማወቅም አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ መከማቸት ጀመረ። የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያዎች በጃንዋሪ 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ መግለጫ አወጡ። የመግለጫው መንፈስ ጉዳዩ ገና አልተረጋገጠም፣ ምርምር እናስደርጋለን የሚል ነው። ሲጋራ ጤና ይሰጣል ብሎ ማሳመን አላስፈለጋቸውም። "ምሁራኑ ራሳቸው አልተስማሙም" ማሰኘት ይበቃል። ብራውን ኤንድ ዊልያምሰን የተባለው ኩባንያ በ1969 የተጻፈ የውስጥ ማስታወሻው ከጊዜ በኋላ ሲወጣ "ጥርጣሬ ምርታችን ነው" የሚል ተገኘበት። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ኃላፊ ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ የገለጸው በ1964 ነው። ማስታወሻው ከዚያ በአምስት ዓመት ይዘገያል። አውቆ መተኛት ይሉሃል ይህ ነው።

የዘዴው ተንኮል የት ላይ ነው? መጠራጠር በራሱ ጥሩ ጠባይ ነው። ኩባንያዎቹ የተጠቀሙት በዚህ ጥሩ ጠባይ ነው። አጫሹ ራሱን እንደ ተታለለ ሰው አያይም። እንደ አስተዋይ፣ በችኮላ እንደማይፈርድ ሰው ነው የሚያየው።

አንዳንዴ ሰው ማወቅ የሚችለውን ሆን ብሎ አላውቅም ይላል። ሀንቲንግተን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከወላጆቹ አንዱ በሽታው ያለበት ሰው እሱንም የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ዘረመሉ በ1993 ከተገኘ ወዲህ በምርመራ ቁርጡን ማወቅ ይቻላል። ሆኖም ሊመረመሩ ከሚችሉት አብዛኞቹ አይመረመሩም። መድኃኒት የለውማ። ይህን ድንቁርና ማለት ለእኔ ይከብደኛል። በእውቀቱ ምንም ማድረግ የማይቻል ከሆነ እውቀቱ ሸክም ብቻ ነው። ይህ ነገር ለመካሪዎችም ይሠራል። መውጫ መንገድ ሳያሳዩ አደጋውን ብቻ መንገር ሰውን ጆሮውን እንዲደፍን ያደርገዋል።

እስቲ ለሚቃወመውም ሰው ጥብቅና እንቁም። ለአዲስ ነገር ሁሉ በሩን የሚከፍት አእምሮ ለአጭበርባሪም ይከፍታል። በየቀኑ ከምንሰማው "አዲስ ግኝት" ውስጥ ብዙው ተራ ወሬ ነው። አልፍሬድ ቬግነር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል አብዛኛው የጂኦሎጂ ምሁር አልተቀበለውም። ዛሬ ላይ ሆኖ መሳቅ ይቀላል። ግን ቬግነር አህጉራቱን የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ ማሳየት አልቻለም። የሰጠው ማብራሪያ ስህተት ነበር፤ የገመተውም ፍጥነት እጅግ የተጋነነ ነበር። በ1930 ግሪንላንድ ውስጥ ሞተ። በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ሲጠና አህጉራቱ የሚንቀሳቀሱበት መንገድ ታወቀና ሐሳቡ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተቀባይነት አገኘ። አንዳንዶቹ ተቃዋሚዎች የያዙት ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ መልስ ሲያገኝ ተቃውሞውም ረገበ። በጤናማ ጥርጣሬና በግትርነት መካከል ያለውን ልዩነት የማየው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ ተጠራጣሪ ምን ቢያይ ሐሳቡን እንደሚቀይር ሊነግራችሁ ይችላል። ግትሩ ምንም ቢያይ አይቀይርም። ያን ጥያቄ ለራስ መጠየቅ ደግሞ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

ታዲያ ማስረጃ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም አንድ ሰሞን በጣም የተወራ ነገር ነበር። ሰውን ባረምከው ቁጥር በስህተቱ ይጸናል የሚል። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ነው መነሻው። ብዙ ሰው ይህን ይዞ "ምን አለፋኝ" ወደሚል ደረሰ። ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በሰፊው ፈተሹት። በ52 ጉዳዮች ላይ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። በ2019 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው ሰዎች ሲታረሙ በአብዛኛው ወደ እውነቱ ትንሽ ቀረብ ይላሉ። በስህተቱ ይበልጥ የሚጸና ሰው እምብዛም አልተገኘም። የሚገርመው "ሰው በማስረጃ አይመለስም" የሚለው እምነት ራሱ፣ ማስረጃ ከመጣም በኋላ ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም።

ማስረጃ እንዲሠራ ግን የአቀራረቡ ነገር ወሳኝ ነው። ከማውቃቸው መንገዶች ሁለቱ ጠቃሚ ይመስሉኛል።

አንዱ ሰውየው ራሱ እንዲያብራራ መጠየቅ ነው። በ2002 ዬል ላይ ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኪል ሰዎችን ዚፕ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሽንት ቤት ውሃ እንዴት እንደሚለቀቅ ምን ያህል ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ። ሁሉም ለራሱ ደህና ነጥብ ሰጠ። ከዚያ "እስቲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዱ" ተባሉ። ጀምረው መሃል ላይ ተያዙ። እንደገና ነጥብ ስጡ ሲባሉ ቀነሱ። ማንም አልተቻቸውም፣ ማንም ተሳስታችኋል አላላቸውም። የማያውቁትን ያዩት ራሳቸው ናቸው። "ለምን ታምናለህ?" ከተባለ ሰው ጠበቃ ይሆናል። "እንዴት ነው የሚሠራው?" ሲባል ግን ማሰብ ይጀምራል።

ሌላው ጊዜ የሚወስድ ነው። በ2016 ዴቪድ ብሩክማንና ጆሽዋ ካላ ማያሚ ውስጥ የተደረገ ሙከራ አሳተሙ። ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዎች በአንድ አናሳ ማኅበረሰብ ላይ ስላላቸው ጥላቻ አወሯቸው። ንግግሩ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ክርክር የለውም፣ ቁጥር አይደረደርም። ሠራተኛው ይጠይቃል፣ ሳይፈርድ ያዳምጣል፣ "አንተስ ከሰው የተለየህ ተብለህ የተገፋህበት ጊዜ ነበር?" ይላል። ሰውየው የራሱን ታሪክ ይናገራል። የአንዳንዶቹ አመለካከት ተለወጠ፤ ለውጡ ከሦስት ወር በኋላም አልጠፋም። ይህ ለምን እንደሠራ እስካሁን ካልነው መገመት ይቻላል። ሰውየው ተሸንፎ አልወጣም። ማንም አላሳፈረውም። ሐሳቡን ሲቀይር በራሱ አፍ፣ ከራሱ ኑሮ ተነስቶ ነው።

ችግሩ ዋጋው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ በር፣ 10 ደቂቃ። ውሸት ግን በዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ ሚሊዮን ስልክ ይደርሳል። ለውጡም ሁሉን ሰው የሚይዝ አልነበረም። ብዙዎቹ በሩን ሲዘጉ የነበራቸው አቋም በሩን ሲከፍቱ የነበራቸው ነው።